የመስኮቱ ብረት የተሸከመው

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የኮድ መስመር አጠፋሁ። የደመወዝ መክፈያ ሲስተም ነበር። መስመሯ ምንም አትሠራም ብዬ ነው ያጠፋኋት። ወሩ መጨረሻ ላይ ሲስተሙ ቆመና ደመወዝ ሁለት ቀን ዘገየ። ቢሯችንን የሚያጸዱት እናት «ልጄ፣ የቤት ኪራይ እኮ ዛሬ ነበር የምከፍለው» ያሉኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ነው የሮበርት ሲልማንን ታሪክ በደንብ ያነበብኩት። ሲልማን አሜሪካዊ የስትራክቸር መሐንዲስ ነበር። በ1966 የራሱን ቢሮ ከፍቶ፣ በ2018 እስኪሞት ድረስ ስሙ የሚነሳው ያረጁ ሕንፃዎችን በመመርመርና በማዳን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከሥራዎቹ ሁሉ ታዋቂው ፎሊንግዋተር ነው።

ፎሊንግዋተር ፔንስልቬንያ ጫካ ውስጥ፣ ፏፏቴ ላይ የተንጠለጠለ ቤት ነው። የነደፈው ፍራንክ ሎይድ ራይት፣ ያሠራው ደግሞ የፒትስበርጉ ነጋዴ ኤድጋር ካውፍማን። በ1936 ግንባታው ላይ ካውፍማን ስጋት ገባውና ሌሎች መሐንዲሶችን አማከረ። እነሱም በሳሎኑ ወለል ውስጥ የሚገባውን ብረት በእጥፍ ገደማ ጨመሩት። ራይት ተናደደ፤ እንደ ስድብ ነው የቆጠረው።

ያም ሆኖ ብረቱ አልበቃም። አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ወለል ወደ ታች ሲያዘነብል የላይኛው ገጹ ይለጠጣል። ኮንክሪት ደግሞ መለጠጥን አይችልም፤ ስለዚህ ከላይ በኩል በቂ ብረት ያስፈልገዋል። የጎደለውም እሱ ነው። ደጋፊው እንጨት ሲነሳ ወለሉ ወዲያው ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ወረደ። እንዲህ እያለ በ1990ዎቹ ጫፉ ላይ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ደረሰ።

ሲልማን ሲጠራ በመዶሻ አልጀመረም። ባልደረቦቹ ኮንክሪቱን ሳይሰብሩ፣ በራዳርና በመሳሰሉት መሣሪያዎች ውስጡ ያለውን ብረት ፈለጉ፤ ሒሳቡንም እንደገና ሠሩ። እኔን ቀጥ ያደረገኝ ግኝት እዚህ ጋ ነው፦ የላይኛው በረንዳ ራሱን አይችልም ነበር። ሸክሙን በሳሎኑ የመስኮት ብረቶች በኩል ታችኛው ወለል ላይ ጥሎታል። የታችኛው ወለል፣ በቃ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ነው የኖረው።

እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው «ይሄ የመስኮት ፍሬም ነው» ብሎ ቢያነሳውስ?

በ1997 ከሥር ጊዜያዊ የብረት ድጋፍ ቆመ። በ2002 የሳሎኑ የወለል ድንጋዮች ቁጥር እየተጻፈባቸው ተነሱ፤ ከዋናዎቹ ተሸካሚዎች ጎን የብረት ገመዶች ተዘርግተው በኃይል ተወጠሩ፤ ድንጋዮቹም ወደየቦታቸው ተመለሱ። ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ የሚቆም ጎብኚ ያንን ሁሉ ሥራ አያየውም።

ወለሉ ግን ዛሬም እንዳዘነበለ ነው። ሲልማን መውረዱን አስቆመ እንጂ ሊያቃናው አልሞከረም። በግድ ይቃና ቢባል ከተጣመመው ወለል ጋር ለስድሳ ዓመት ተላምዶ የኖረው ሌላው የቤቱ ክፍል ሊሰነጠቅ ይችል ነበር።

እኔ ያንን ሲስተም «ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ከዜሮ እንጻፈው» ስል የከረምኩ ሰው ነኝ። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ማን በማን ላይ እንደተደገፈ ነው። ያቺን መስመር መልሼ አስገብቻታለሁ። ከበላይዋም የማን ደመወዝ በእሷ በኩል እንደሚያልፍ በአማርኛ ጽፌአለሁ።