ብረቱ የየትኛው ንብርብር ነው? የቫለሪያይት ታሪክና የስፔክትሮስኮፒ ምስክርነት



ዛሬ የማወሳላችሁ የአንድ ማዕድን ታሪክ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በ1870 ስዊድናዊው ኬሚስት ብሎምስትራንድ ከኒያ ኮፓርቤሪ የተገኘውን፣ ነሐስ መሳይና ለስላሳ የሆነውን ማዕድን፣ በኡፕሳላ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በነበረው በዮሐን ቫለሪየስ ስም «ቫለሪያይት» ብሎ ሰየመው። ስሙ ቶሎ ወጣለት፤ ማንነቱ እስኪታወቅ ግን መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። ይህ ለምን ሆነ? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ማዕድኑ በአሲድ ሟሙቶ ሲመረመር ብረት፣ መዳብና ድኝ ይገኙበታል፤ ከእነርሱም ጋር ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየምና ውሃ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። የኋለኞቹ ግን በሚያብረቀርቅ ሰልፋይድ ውስጥ ምን ይሠራሉ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች ከአካባቢው ድንጋይ የተቀላቀለ እድፍ አድርገው ቆጠሯቸው። በማይክሮስኮፕ ሥር ቫለሪያይትን የመሰለውም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ማኪናዋይት የተባለ ሌላ የብረት ሰልፋይድ መሆናቸው የተለየው በ1960ዎቹ ነው።

በ1968 ኢቫንስና አልማን የኤክስሬይ ጥናታቸውን አሳተሙ። ማዕድኑ በየተራ የሚደራረቡ ሁለት ዓይነት ንብርብሮች አሉት፤ አንዱ የብረትና የመዳብ ሰልፋይድ፣ ሌላው የማግኒዚየምና የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ። የሰልፋይዱ መረብ ዓይን 3.79 አንግስትሮም፣ የሃይድሮክሳይዱ 3.07 አንግስትሮም ስለሆነ ሁለቱ አይገጣጠሙም። የስፋታቸው ንጽጽር 1.53 ይሆናል፤ በቀመሩ ውስጥ እንግዳ የሚመስለው ያ ክፍልፋይ የመጣው ከዚህ ነው። እንደ እድፍ የተቆጠረው ነገር የቤቱ ግማሽ ኖሯል።

ኤክስሬይ ግን የአቶሞችን አማካይ ስፍራ እንጂ ብረቱ ስንት ኤሌክትሮን እንዳጣ በቀጥታ አይናገርም። ጥቂቱ ብረት ወደ ሃይድሮክሳይዱ ገብቶ ቢሆንስ? ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግለውን መንገድ የከፈተው ሩዶልፍ ሞስባወር ነው፤ በ1958 ያሳተመው ግኝት በ1961 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከተፈጥሮ ብረት ሁለት በመቶ የሚሆነው ብረት-57 ከኮባልት-57 የሚወጣውን ጋማ ጨረር ይውጣል። ምንጩ በሰከንድ ጥቂት ሚሊሜትር እየተንቀሳቀሰ ሲለካ፣ የመስመሮቹ ስፍራ የብረቱን ሁኔታ ያመለክታል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በኦክሳይዶችና በሃይድሮክሳይዶች ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት በ1 ሚሊሜትር በሰከንድ አካባቢ፣ ሦስት ያጣው በ0.35 አካባቢ ይታያል። በሰልፋይድ ውስጥ ግን ድኝ ኤሌክትሮኖቹን ስለሚጋራ ቁጥሮቹ ይወርዳሉ፤ በአራት የድኝ አቶሞች የተከበበና ሦስት ያጣ ብረት ወደ 0.25 ይጠጋል። 0.25ን ከ0.35 በሰፋፊና በተደራረቡ መስመሮች መካከል መለየት አዳጋች ነው። መሣሪያው «ሦስት ያጣ ብረት አለ» ይላል፤ የየትኛው ንብርብር መሆኑን ግን ብቻውን ሊወስን አይችልም።

ስለዚህ ናሙናውን እጅግ አቀዝቅዞ የመግነጢሳዊ ባሕርዩን መመልከት አስፈለገ። በካይ ሲግባን መሪነት እዚያው ኡፕሳላ ያደገው የኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒም ተጨመረ። እርሱም ወሰን አለው፤ የሚያየው የላይኛዎቹን ጥቂት ናኖሜትሮች ነው። የአንድ ጥንድ ንብርብር ውፍረት 1.14 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ፣ የምንሰማው አየር ሊለውጣቸው ከሚችሉ ጥቂት ጥንዶች ነው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ክርክር ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ፋላቦርዋ ማዕድኑ ተፈጭቶ መዳቡ በአየር አረፋ ሲለይ፣ ሃይድሮክሳይዱ ውሃ ወዳድ ስለሆነ ቫለሪያይት ከአረፋው ጋር በቀላሉ አይንሳፈፍም፤ መዳቡም ከዝቃጩ ጋር ይጠፋል። የቅርብ ዘመዱ ቶቺሊናይት ደግሞ በ1969 አውስትራሊያ ላይ በወደቀው የመርቺሰን ሜቴዎራይት ውስጥ አለ። በእርሱ ያለው የብረት ሁኔታ፣ ውሃ የሜቴዎራይቱን እናት አካል እንዴት እንደለወጠ ከሚመሰክሩት አንዱ ነው።

እንግዲህ የመቶ ዓመቱ መዘግየት ምክንያት የመሣሪያ እጦት ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። ማግኒዚየሙና ውሃው ከመጀመሪያው ተለክተው ነበር፤ የጎደለው ለእነርሱ ስፍራ የሚሰጥ ቀመር ነው። እናንተም የስፔክትረም መስመሮችን ስትተነትኑ፣ ያልገጠመውን መስመር «ቆሻሻ» ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት በሌላ መሣሪያ ጠይቁት፤ በሠንጠረዣችሁም ውስጥ አስቀምጡት።