ሰባት ቤት ለምን ይቆጠር ነበር?

ብዙዎቻችን የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ከጠራን በኋላ ቆም እንላለን። ቅጽ ላይ የሚሞላው ሦስቱ ስለሆነ አራተኛውን የሚጠይቀን የለም። የገጠር አያቶቻችን ግን ያለ ወረቀት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። ከእኛ የተሻለ ጭንቅላት ስለነበራቸው ነው? አይመስለኝም። ዋናው ምክንያት መሬት ነው።

በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው ቦታውን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነበር። በአባትም በእናትም በኩል መቁጠር ይቻላል። ዳኛ ፊት ቆጠራው የጠፋበት ሰው ርስቱንም ሊያጣ ይችል ነበር። ጋብቻ ሲታሰብም ዝምድናው በቆጠራ ይጣራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ግን የርስት ክርክር አበቃ፤ ቆጠራውም አብሮ ላላ። ወላጆቻችን ያልነገሩን ንቀውን አይደለም። ለእነሱም ማስተማሩ ግድ አልነበረም።

ይህን ማወቅ የቤተሰቡን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሽማግሌዎች የሚነግሩን የዘር ሐረግ ለክርክር የተጠና ነውና መሬት የማያመጣ ሰው ከውስጡ ይወድቃል። ልጅ ሳትወልድ የሞተችው አክስት፣ አገር ጥሎ የሄደው ወንድም አይቆጠሩም። ባርነት በሕግ እስከተሻረበት እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ በቤቱ በባርነት ያገለገለው ሰውማ ከነጭራሹ አይነሳም። ስለዚህ «ቅድመ አያቴ ማን ይባላሉ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። «በዚያ ቤት እነማን ይኖሩ ነበር? እህሉን ማን ይፈጭ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

የልደት ሰነድ አትጠብቁ። በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረትም አትጠይቁ፤ ዘመኑን በሚያውቁት ነገር ያዙት። የኅዳር በሽታ ሲገባ (1911) ተወልደው ነበር? ተፈሪ ሲነግሡ (1923) አግብተው ነበር? ጣሊያን ሲመጣ (1928) ስንት ልጅ ነበራቸው? ሦስቱ መልሶች አንድ ላይ ሲታዩ የልደት ዓመቱን በእጅጉ ያጠቡታል። ያንኑ ጥያቄ ለሁለት ዘመድ ለየብቻ አቅርቡ። መልሳቸው የተለያየበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የተደበቀ ወሬ አለ።

ስምም ያሳስታል። አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ጦረኛ ከሆነም የፈረስ ስም ይኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሣህለ ማርያምም አባ ዳኘውም ናቸው። በድሮ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል። የአያታችሁን ሁሉንም ስም ሳትይዙ ብትሄዱ ግን ስማቸው ፊታችሁ ተጽፎ ታልፉታላችሁ።

እኛ በቆጠራ የምናስመልሰው ርስት የለንም። ይህ ጉዳት ይመስላል፤ ግን ነጻነትም ነው። አያቶቻችን ለርስት ሲሉ የዘለሉትን ሰው እኛ የምንዘልበት ምክንያት የለም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። 1967 ላይ አዋቂ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለመጪው በዓል ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ከዳቦው ጋር ደብተር ያዙ።