የወገብ ዲስክ ሕመም፦ ታሪኩ ምን ያስተምረናል?



በጀመዓችን ሐይቅ ገበያ ጆንያ እያወረደ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ወጣት አለ። አንድ ቀን ወገቡ ተያዘ፤ ሕመሙም በመቀመጫው አልፎ እስከ እግሩ ጣት ወረደ። ከአምባሰል የመጣ ዘመዱ «ወጌሻ ይርገጥህ» አለው። ጎረቤቱ ደግሞ «ከአልጋ እንዳትነሳ» አለው። እኛም ዱዓ አድርገንለት ዝም አልን። ወር ሙሉ ተኝቶ ሲነሳ ገቢውም ጉልበቱም ሄዶ ነበር። ዝምታችን ስለቆጨን ይህን ጽፈናል።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። የዐረብ ሐኪሞች ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም «ዒርቁን ነሳ» ይሉት ነበር። በአንደሉስ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ የሞተው አዝ-ዘህራዊ፣ ባለ 30 ክፍሉ «አት-ተስሪፍ» ኪታቡ መጨረሻ ላይ ቦታውን የለቀቀ አከርካሪ በሳንቃ ላይ ተስቦ እንዴት እንደሚመለስ ጽፏል። መሳቡ ከግሪኩ ሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። የእኛ ወጌሻም ስብራትና ወለምታ በማቃናት የተከበረ ባለሙያ ነው። ይሁንና የዚህን ሕመም ምንጭ በዚያ ዘመን ያየ አልነበረም።

ምንጩን እ.ኤ.አ. በ1934 በግልጽ ያሳዩት የቦስተን ሐኪሞቹ ሚክስተርና ባር ናቸው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ውጩ ሲቀደድ ውስጡ ይወጣና ነርቭን ይነካል። ስለዚህ ወገብን መርገጥ አይመልሰውም፤ ሊያብሰው ግን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተስፋፋ። ኖርዌያዊው ሐኪም ቬበር ግን ሕሙማንን 10 ዓመት ተከታትሎ በ1983 ውጤቱን አወጣ። በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ያገኙት የተሻሉ ነበሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ሰውነት ራሱ የወጣውን ዲስክ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በ1999 በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናትም ሁለት ሳምንት መተኛት ካለመተኛት እንደማይሻል አሳየ።

የኒውዚላንዱ ማኬንዚ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። በ1956 አንድ ታካሚው ራስጌው ከፍ ባለ አልጋ ላይ ሳይታሰብ በደረቱ ተኛ። ሲነሳ የእግሩ ሕመም ለቆት ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያሠሩት አንዱ እንቅስቃሴ ከዚህ የተነሳ ነው፦ በደረት ተኝቶ በክርን መደገፍ፣ ከዚያም በእጅ ገፋ እያሉ ደረትን ወደ 10 ጊዜ ማንሳት። ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ እግር ከወረደ ግን ማቆም ነው። አጭር አጭር የእግር ጉዞም ይረዳል። ጆንያም ሆነ ድንጋይ ሲነሳ ጉልበትን አጥፎ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ይሁን።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት ጊዜ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ሕመምም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በመጀመሩ፣ ዛሬ ይህ ሕክምና በሀገራችን አለ።

ሩኩዕና ሱጁድ ያቃተው ወንድማችን አይፈር። ሸሪዓችን መቆም ላልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ላልቻለ በጎኑ ተኝቶ መስገድን ፈቅዷል። ወንበር እናቅርብለት እንጂ በዓይናችን አናሸማቀው።

ያ ወጣት ዛሬ በየቀኑ ከመግሪብ በፊት በሐይቁ ዳር ይራመዳል፤ ሥራውንም ቀስ በቀስ ጀምሯል። አልሐምዱሊላህ! ሕመም ያለበት ወዳጅ ያላችሁ ይህን አድርሱት። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥ። ወላሁ አዕለም።