«ሶብራዶ»፦ የፖርቱጋል ገጠር ቤት የደርብ ክፍሎች ስያሜና ታሪክ

የቤት ክፍል ስም ለተርጓሚ ቀላል መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ክፍሉ የሚሰጠው አገልግሎት በውል ካልታወቀ ትክክለኛ የሚመስለው አቻ ቃል አንባቢውን ወደ ሌላ ቤት ይመራዋል። ይህን ለማስረዳት በሰሜን ፖርቱጋል ገጠር፣ በሚኞ፣ በትራስ ኦስ ሞንቴስና በቤይራ፣ የነባሩ የገበሬ ቤት የላይኛው ደርብ ክፍሎች የሚጠሩባቸውን ቃላት እንመለከታለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግራናይት ወይም ከሌላ ያካባቢው ድንጋይ የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ ነው። ከብቱ፣ የወይን ጠጅ በርሜሉና የእርሻ መሣሪያው ከታች፣ ሰው ከላይ ይኖራል፤ ወደ ላይ የሚወጣውም በውጭ በኩል በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። በብርድ ወራት የከብቶቹ ሙቀት በወለሉ ሳንቃ በኩል እያለፈ የላይኛውን ቤት ያሞቃል። ምድር ቤቱ «ሎዣ» ይባላል። ይኸው ቃል በከተማ ሱቅ ማለት ስለሆነ፣ የገጠሩን «ሎዣ» «ሱቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው በሬዎቹን ሱቅ ውስጥ ያሳድራቸዋል።

የላይኛው ደርብ «ሶብራዶ» ይባላል። ምንጩ የላቲኑ «ሱፔራሬ» ሲሆን፣ መብለጥና ማለፍ ማለት ነው። ከዚሁ የወጣው የፖርቱጋልኛ ግሥ «ሶብራር» ዛሬ መትረፍ የሚል ፍች አለው። «ሶብራዶ» የሳንቃ ወለልንም፣ በሳንቃ ወለል የተሠራውን ደርብም ያመለክታል። በብራዚል ደግሞ ባለ ደርቡ ቤት በሙሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ ጂልቤርቶ ፍሬይሬ በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ አርእስትም ይህን ቃል ይዟል። ሥርወ ቃሉን ብቻ የተከተለ ተርጓሚ «ትርፍ» ሊል ይችላል። ከዐረብኛ የመጣው «ፎቅ» ትርጉሙን ባያፈርስም፣ ከመደረብ የወጣው «ደርብ» ለገበሬው ቤት ይበልጥ ይስማማል።

የኑሮው ማዕከል ወጥ ቤቱ ነው። ምድጃው «ላሬይራ» የሚባለው «ላር» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህም የጥንት ሮማውያን የቤት ጠባቂ አማልክት ስም ነው። ዛሬ «ላር» ምድጃንም ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤትም ይገልጻል። በብዙ ቤቶች ጢስ ማውጫ ስላልነበረ ጢሱ በጣሪያው ሸክላ መካከል ይወጣ ነበር፤ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ የሚደርቀውም በዚሁ ጢስ ነው።

«ሳላ» በሰፊነቱ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በየቀኑ የሚቀመጠው በምድጃው ዙሪያ ነው። «ሳላ» ለክብር ቀን የሚጠበቅ ክፍል ነው። በፋሲካ መስቀል ይዘው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት እንግዶች የሚገቡት፣ ቤተሰቡም መስቀሉን የሚሳለመው በዚህ ነው። ስለሆነም «ሳሎን» ከማለት «እንግዳ መቀበያ» ማለቱ ይሻላል። «ኳርቶ» በቁሙ ሩብ ወይም አራተኛ ማለት ሲሆን፣ በቤት ውስጥ መኝታ ቤት ነው። «አልኮቫ» ከዐረብኛው «አል-ቁባ» የመጣ ነው። በምንጩ ጉልላት ማለት ቢሆንም፣ በገጠሩ ቤት መስኮት የሌላትን ጠባብ የመኝታ ጓዳ ይጠራበታል።

«ቫራንዳ» ከደርቡ ወደ ውጭ የወጣ፣ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ በቆሎና ልብስ የሚደርቅበት ሰገነት ነው። ቃሉ የቫስኮ ዳ ጋማን የ1498 የሕንድ ጉዞ በሚተርከው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። በኋላም ከሕንድ በእንግሊዝኛ በኩል ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተዛምቷል። የእኛም «በረንዳ» የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን «በረንዳ አዳሪ» ከሚለው አነጋገር እንደምንረዳው፣ በአማርኛ ከደርብ ወርዶ የመንገድ ዳር ሆኗል። ስለዚህ የፖርቱጋሉን «ቫራንዳ» በድምፅ ዘመዱ ከመተርጎም «ሰገነት» ማለት ይበጃል።

ይህን ቤት ተመራማሪዎችም በአንድ ዓይን አላዩትም። በ1943 እና በ1947 የታተመው የግብርና ሊቃውንት የገጠር መኖሪያ ጥናት የጢሱን፣ የጨለማውንና የጥበቱን ችግር አጋልጧል። አርክቴክቶች ከ1955 ጀምሮ አጥንተው በ1961 ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ቤቱ ከአየሩ፣ ከድንጋዩና ከሥራው ጋር የተስማማበትን ጥበብ አጉልቷል። ለመጀመሪያዎቹ «አልኮቫ» የበሽታ መንሥኤ ሊሆን የሚችል ክፍል ነበረ፤ ለሁለተኞቹ የአንድ ጥንታዊ አሠራር አካል ነው። ተርጓሚ የየትኛውን ጽሑፍ ቃል እንደሚመልስ መለየት አለበት።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እጅግ ብዙ ገበሬዎች በተለይ ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። ባገኙት ገንዘብ በየመንደራቸው በሠሯቸው ብዙ አዳዲስ ቤቶች የከብቱን ቦታ መኪና ያዘ። የዕለት ወጥ ቤቱ ወደ ታች ወርዶ፣ ደርቡ ንጹሕ ሆኖ ለእንግዳ የሚጠበቅ ሆነ። ክፍሎቹ የቆየ ስማቸውን ይዘው ሥራቸውን ለወጡ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የክፍል ስም የሚገኝበት መዝገበ ቃላት ፍችውን ብቻ ሳይሆን አካባቢውን፣ ዘመኑንና አገልግሎቱን መመዝገብ እንዳለበት ነው። «ሶብራዶ» «ደርብ»፣ «ሳላ» «እንግዳ መቀበያ»፣ «ቫራንዳ» «ሰገነት» እንዲባሉ ሐሳብ ስናቀርብ፣ የነባሩን የገጠር ቤት ለሚገልጹ ጽሑፎች ብቻ መሆኑን እናሳስባለን።