የሰሃራው ቦምብና የአፍሪካ እምቢታ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ማለዳ ፈረንሳይ የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምቧን በአልጄሪያ በረሃ፣ ከረጋን ከተማ ብዙም ሳይርቅ አፈነዳች። ኃይሉ 70 ኪሎቶን ገደማ፣ ሂሮሺማን ካወደመው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። የአፍሪካውያን ተቃውሞ ግን ከፍንዳታው ቀድሞ ተነስቷል።

በ1959 መጨረሻ ጋናውያን የሚበዙበት ቡድን በመኪና ከአክራ ወደ ሰሃራ ተንቀሳቀሰ። እንግሊዛዊው ቄስ ማይክል ስኮትና አሜሪካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ባያርድ ረስቲን አብረው ነበሩ። ሙከራው ከሚካሄድበት ስፍራ ደርሰው ቦምቡን በሰላማዊ መንገድ ለማስቆም ቢነሱም፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ እንደገቡ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት አገዷቸው። ቦምቡ ሲፈነዳ የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ በጋና ያለውን የፈረንሳይ ሀብት እንዳይንቀሳቀስ አደረጉ። ናይጄሪያም ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ፣ በ1961 መባቻ፣ ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች።

በዚህ ትግል ኢትዮጵያ የራሷ ድርሻ አላት። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኢትዮጵያ ግንባር ቀደምነት የቀረበለትን መግለጫ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ውሳኔ ቁጥር 1653 ተብሎ የሚታወቀው ይህ መግለጫ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃውመውት ነበር። ጉባኤው በዚያው ዕለት አፍሪካ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ሆና እንድትከበር ጠየቀ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ ይህንኑ አቋም አወጀ። ስድስት ቦምቦች ሠርታ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ መሣሪያዎቿን ካፈራረሰች በኋላ፣ አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት በ1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ፤ በ2009 በሥራ ላይ ዋለ።

«ፀረ ኑክሌር» ሲባል አንዳንዱ ቦምቡን፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ማመንጫውንም መቃወም አድርጎ ይረዳዋል። የአፍሪካ አቋም ግን በስምምነቱ በግልጽ ሰፍሯል፤ መሣሪያው የተከለከለ ነው፣ ለሕክምና፣ ለግብርናና ለኃይል የሚውለው ሳይንስ ተፈቅዷል።

ፈረንሳይ እስከ 1966 ድረስ በአልጄሪያ ምድር 17 ሙከራዎች አካሂዳለች፤ የተበከለው አሸዋ ዛሬም አልጸዳም። ያንን ምድር የማጽዳት ዕዳ የፈረንሳይ ነው። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ማስተማር ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው።