እንዳሁላ

እንዳሁላ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በድንጋያማ ስፍራና በአጥር ሥር የሚበቅሉ፣ ካላንቾ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን የሚመደቡ ቅጠለ ወፍራም ተክሎች የወል መጠሪያ ነው። አንደኛው ዝርያ፣ ካላንቾ ፔቲቲያና፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር ሕይወቱ ካለፈው ፈረንሳዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ አንቷን ፔቲ ነው። በውጭ አገር በሳሎን መስኮት ላይ የሚታየው ሌላው ዝርያ ደግሞ ካላንቾ ማርሞራታ ሲሆን፣ አመድማ አረንጓዴ ቅጠሉ ቀለም የተንጠባጠበበት ወረቀት ይመስል በሐምራዊ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው።

ተክሉ ውኃ እንዳይባክንበት የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ በዚያን ጊዜ የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም በአሲድ መልክ አከማችቶ በማግስቱ በብርሃን ምግቡን ይሠራበታል። ስለዚህ የሚገድለው ከጥማት ይልቅ የውኃ ብዛት ነው። እንደ አምደወርቅ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት የዋግ ኽምራ ከፍታ፣ ታቹ በተበሳ ጣሳ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ተተክሎ፣ ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥና አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ቢጠጣ ይበቃዋል። ለማራባት የተቆረጠው ግንድ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት በጥላ ይቆያል፤ ወዲያው የተተከለ ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል። የካላንቾ ዝርያዎች ልብን የሚያውክ መርዝ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ጣሳው ፍየልና ጥጃ ከማይደርሱበት ይቀመጣል።