«ጨዋታ» የሚለው ቃልና የቀልድ ግጥም መድበሎች

ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ስያሜ ከማውጣት አስቀድሞ የዘርፉን ታሪክ መመርመር ይገባል። ኤድዋርድ ሊር በ1846 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ እንዳሳተመው ያለ፣ ለልጆች ተጽፎ አዋቂዎችም የሚስቁበት የግጥም መድበል ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚው «የልጆች ግጥም» ይበለው ወይስ «የቀልድ ግጥም»? ሁለቱም ስያሜዎች ጎደሎ ናቸው። የመጀመሪያው አዋቂውን ያስወጣል፤ ሁለተኛው ሳቁን ብቻ ይዞ ዜማውን ይተዋል። መልሱን በቋንቋችን ውስጥ ብንፈልግ ግን «ጨዋታ» የሚለውን ቃል እናገኛለን።

ሕፃናት አኩኩሉ ሲሉ ጨዋታ ነው፤ ሽማግሌዎች ወግ ሲሰልቁ የሚያመሹትም ጨዋታ ነው፤ ነገር የሚያሳምር ቀልደኛም «ጨዋታ ዐዋቂ» ይባላል። ቃሉ ዕድሜ አይለይም። ግብሩም እንደ ቃሉ ነው። በቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ በምዕራብ አዲስ አበባ በቀራንዮም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ልጆች ከደጅ ደጅ ሲዞሩ አንዱ ግጥም ያወርዳል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ የቤቱን ጌታ ቸርነት ያወድሳል፤ እጁ ቢዘገይ ደግሞ ስስቱን በቀልድ ይነካል። ገጣሚው ልጅ ነው፤ ስቆ ሙልሙል የሚሰጠው አዋቂ ነው። የሥነ ግጥም ምሁራንም ከዚሁ የልጆች ዜማ ስም ወስደው፣ በአራት በአራት ቀለም የሚከፈለውን የግጥም ቤት «ቡሄ በሉ» ብለውታል።

መለያየቱ የመጣው ግጥሙ በመጽሐፍ ሲሰበሰብ ነው። ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1894 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተመው መድበል ምሳሌያዊ አነጋገርን፣ ግጥምንና ተረትን በአንድነት አቅርቦ ነበር። ማርሴል ግሪዮል በ1935 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የአገራችንን ጨዋታዎች ሲያሳትም ግን፣ እኛ በአንድ ቃል የምንጠራውን በርእሱ ላይ በሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት ገለጸው። በአገራችንም ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1948 ዓ.ም. «አማርኛ ቅኔ»ን ሲያሳትሙ የአዋቂው ድርሻ መጽሐፍ አገኘ፤ ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» በግጥም የጻፏቸው ተረቶች ደግሞ የተማሪ ቤት ንባብ ሆኑ። ሁለቱም ታላቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ነገር ግን ልጁም አዋቂውም አብረው የሚስቁበት የቃል ግጥም በመካከል ያለ ስያሜ ቀረ።

የዚህ ግጥም ብልኃት ከቋንቋው ጠባይ የመነጨ ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ተቀዳሚ ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ልጁ በድምፁ መመሳሰል ይስቃል፤ አዋቂው ወርቁን አግኝቶ ይስቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቁት የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች እስከ ዛሬ በልጅም በአዋቂም አፍ መገኘታቸው ከዚሁ ኅብር የተነሣ ይመስለናል። ሰብሳቢው ፍቺውን ከግጥሙ ቢያስቀድም ሳቁን ይገድለዋል፤ ጨርሶ ቢተወው ደግሞ ቃሉ ሲረሳ ግጥሙ መፍቻ የሌለው እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ «የጨዋታ ግጥም» የዘርፉ አጠቃላይ መጠሪያ እንዲሆን እናቀርባለን። በሥሩም ሳያቆስል የሚያስቀው «ቀልድ»፣ የሚያቃልለው «ፌዝ»፣ የሚመረው «ስላቅ»፣ በጎን የሚወጋው «ሽሙጥ» እየተለዩ ቢመዘገቡ ተርጓሚው ለእያንዳንዱ ተስማሚ ቃል ያገኛል። መዝጋቢዎችም ከግጥሙ በኋላ የጠበቀውንና የላላውን ቃል ምልክት አድርገው፣ ግጥሙ በማን አፍና በምን በዓል እንደተባለ ቢጽፉ መልካም ነው። የታተመ ቃል በመጽሐፍ ይቆያል፤ የቃሉን ድምፅ የሚያውቀው ግን የተጫወተበት ሰው ነውና፣ ምዝገባው ያ ሰው ሳለ መፈጸም ይኖርበታል።